ከበሩ ወዲህ ድምፅ ክልክል ነው

ጥር 14

«ይህ ዝምታ ሊገድለኝ ነው» አለች አንዲት እንግዳ ቁርስ ላይ፣ ለባሏ። እኔ ከኋላቸው ዳቦ ሳቀርብ ሰማኋት። የማረፊያው ደንብ «ስለ ሞት የተናገረ እንግዳ ካለ ነርስ ትጠራ» ስለሚል ነርሷን ጠራሁ። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ መጣች፤ የሴትዮዋን ክንድ ጠቅልላ ለካችና «ገና ነዎት» አለቻት በሹክሹክታ። ሴትዮዋ እንቁላሏን ሳትጨርስ ተነሣች። ደንቡን ያረቀቅኸው አንተ ስለሆንክ፣ ሥራ ላይ መዋሉን ብታውቅ ብዬ ነው በዚህ የጀመርኩት።

ወንድም ዓለም፣ ሰላምታው ዘግይቶም ቢሆን ይድረስህ። መልሱም ስለ ዘገየ ይቅርታ። ደብዳቤ የሚመላለሰው በማረፊያው መኪና ነው፤ መኪናው የሚመላለሰው ደግሞ እንግዳ ሲኖር ነው። ሾፌሩ ያንተን ደብዳቤ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞት ከርሞ ሲሰጠኝ «ምነው?» ብለው «ቀጭን ስለሆነ የሚያስቸኩል ነገር ያለው አልመሰለኝም» አለኝ። ስልክ ከሸለቆው በር ወዲህ እንዳይገባ ያደረግህ ራስህ ነህና አታማርር። እንግዶቹ ስልካቸውን ለእኔ ያስረክባሉ፣ እኔ ሳጥን ውስጥ እቆልፋለሁ። የእኔም እዚያው ነው። አንዳንዴ ሳጥኑ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ ከነዚያ ሁሉ አንዱ አንተ ትሆናለህ ብዬ አስባለሁ።

ሰፈሩ ምን መሰለ ላልከው፦ ወፍጮው ከኮረብታው ጀርባ ሄዷል። ሴቶቹ እህሉን ተሸክመው አቀበት ይወጣሉ፣ እንግዶቹም ከበረንዳ ሆነው ያዩዋቸውና «እንዴት ያለ ጤናማ ኑሮ ነው» ይላሉ። አውራ ዶሮዎቹ ተሸጡ። የሚቀሰቅሰን ስለ ሌለ ሰው ሁሉ ያረፍዳል፤ ይህም በማረፊያው መጽሔት ላይ «የተረጋጋ ማኅበረሰብ» ተብሎ ወጥቷል። የትምህርት ቤቱ ደወል በቀይ ጨርቅ ተተካ፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚጫወት ልጅ ጨርቁን ስለማያይ እስከ ምሳ ይጫወታል። አህዮቹን ግን ማን ያስረዳቸው። የዝምታ ዕቅድህ «እንዳትረበሽ» ያለላት ወፍ በሩ ላይ በተሰቀለው ሥዕል ደህና ናት፣ ሌላ ቦታ አላየኋትም። ለእውነት ስል ግን ወንዙ ጠርቷል። የታችኛው ሰፈር ልጆች ሆዳቸውን የሚያማቸው ቀርቷል። ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ፤ ሳልጽፈው ብቀር ኃጢአት ነው።

ስለ አባባ ለጠየቅኸኝ፦ ይበላሉ። ይተኛሉ። ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮ የቀጠቀጠ ሰው ሱቁ ሲዘጋ እጁ እንዲህ ፈጥኖ እንደሚለሰልስ አላውቅም ነበር። ሌላውን በሌላ ጊዜ።

እህትህ


ጥር 29

እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነ ሰው አስቀድሞ የሚጽፈው ይህንኑ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደህና ነኝ።

ስለ ቢሮዬ ልንገርሽ፦ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ አይከፈትም። ሦስት ሆነን ነው የምንቀመጠው፤ የአካባቢ አያያዝ፣ የጎብኝዎች ፍሰት እና አንድ ማንም ምን እንደሚሠራ ያልጠየቀው ሰውዬ። ችግሬ ድምፄ ነው። አለቃዬ «ቀስ ብለህ ተናገር፣ ጠብ ያለ ይመስላል» ይለኛል። ባለፈው ለአንዱ ባልደረባዬ ሚስቱ ስትወልድለት «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ብለው ጥበቃው ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ምን ላድርግ። የጯሂዎቹ ቤት ልጅ ነኝ። መዶሻ ሲወርድበት ያደገ ሰው ጨው አቀብሉኝ የሚለውም እንደ አዋጅ ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ጎረቤቶች እራት ስንበላ ከውጭ እየሰሙ «ዛሬስ ተጋደሉ» ይሉ ነበር። ሰላም የሆንባቸው ቀኖች ነበሩ።

«ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን ሰሌዳ እኔ አላሰቀልኩም፤ እሱ የሥራ አስኪያጁ ነው። እኔ የጻፍኩት ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ ቆሻሻው ወንዝ እንዳይገባ፣ እንግዳ መጥቶ ገንዘቡን ለመንደሩ ትቶ እንዲሄድ ነው። እንግዳ እንዲመጣ ደግሞ ሸለቆው «የዝምታ ሸለቆ» የሚል ምስክር ወረቀት ያስፈልገው ነበር። ምስክር ወረቀቱ መዶሻ አይፈቅድም። አንዲት መዶሻ አይፈቅድም። የአባባ ሱቅ ደግሞ ከማረፊያው አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው።

ባትጽፊውም ልትጠይቂኝ የፈለግሽው ግን ይህን ሳይሆን አባባን ጠይቀሃቸው ነበር ወይ የሚለውን እንደሆነ ይገባኛል። መልሱ አዎ ነው፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ዕቅዱን ለአለቃዬ ከመስጠቴ በፊት መጥቼ ጠየቅኋቸው። ማታ ሥራ ሲጨርሱ፣ መዶሻውን ሲያስቀምጡ ጠብቄ በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። አፍሬ ስለነበር ድምፄ አልወጣ ብሎ እንደ ሌባ ነበር የተናገርኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ካሳ አለ፣ ካልፈለጉ እተወዋለሁ። አይተውኝ ፈገግ አሉና «ደግ ነው» አሉኝ። ትከሻዬንም መታ መታ አደረጉ። ያቺን «ደግ ነው» ይዤ ነው ይህን ሁሉ የሠራሁት፤ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም።

ባለፈው የጻፍኩላቸውን ስታነቢላቸው ምን አሉ? በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ወንድምሽ


የካቲት 12

ወንድም ዓለም፣

ሌላውን በሌላ ጊዜ ብዬህ ነበር። ያ ሌላ ጊዜ ሁለት ሦስቴ መጥቶ በጓዳ በር አሳለፍኩት። አሁን ግን ስለ ጠየቅህ እነግርሃለሁ።

አባባ መናገር ትተዋል። ሱቁ የተዘጋ ሰሞን እንዲሁ ቅር ብሏቸው ነው ብዬ ነበር። ከሥራ እመለሳለሁ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ የዕለቱን እነግራቸዋለሁ፤ የትኛው እንግዳ ጫማውን አውልቆ ሣር ላይ እንደ ሄደና እሾህ እንደ ወጋው፣ የትኛው ዛፍ አቅፎ ጉንዳን እንደ ወረረው። ድሮ ቢሆን ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ የነበረበት ነገር ነው። ግድግዳውን ያያሉ። አንዳንዴ ቦታው ባልሆነ ቦታ «ደግ ነው» ይላሉ። የጎረቤታችን ላም እንደ ሞተች ስነግራቸው «ደግ ነው» አሉ። ላሚቱን ይወዷት ነበር።

ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ተቀመጡ። «ልጅዎ እግርዎን ስሟል» አልኳቸው። ተነሥተው ውሃ ጠጡ።

በየጠዋቱ በርጩማቸውን ይዘው ወደ ሱቁ ይሄዳሉ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንግዳ ይረብሻል ተብሎ ጣሪያው በሣር የተከደነው በተዘጋ ማግሥት ነው፣ ታውቃለህ። ሽቅብ ሣሩን ያያሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በሩን በመዳፋቸው ይዳስሱና ጎኑ ይቀመጣሉ። ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም። ሰፈሩ «በልጃቸው አኩርፈው ነው፣ ልጅ የቀበረ እንኳ ከዚህ የበለጠ ይናገራል» ይላል። ይህን ማንም አይነግርህም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ እኔ ግን እህትህ ነኝ።

ማረፊያው ሠራተኛውን በሹክሹክታ መናገር ሲያሠለጥን አንደኛ ወጣሁ። አሠልጣኙ ከፊታችን ሻማ አስቀምጦ፣ ከንፈራችን ብዙ ሳይከፈት፣ እሳቱ ሳይነቃነቅ «እንኳን ደህና መጡ» አስባለን። የሌላው ሁሉ ሻማ ተርገፈገፈ፣ የምግብ ቤቷ ልጅማ አጠፋችው። የኔ ቀጥ እንዳለ ቀረ። የጯሂዎቹ ቤት ልጅ በሹክሹክታ ተሸለመች፤ እናታችን ኖራ ብታይ ወይ ትስቃለች ወይ ጠበል ትወስደኛለች። ልማድ ካልሆነ ይጠፋል ስለ ተባልን ቤትም እለማመዳለሁ። አንድ ቀን ቤት ከጮህኩ በማግሥቱ እንግዳ ፊት ያመልጠኛል። እዚህ ቤት አሁን የሚሰማው የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱንም ሥራ አስኪያጁ ሰምቶት እንደሆነ እንጃ።

እህትህ


መጋቢት 2

እታለም፣

ዛሬ አጭር ነው። ደብዳቤሽን ከተቀበልኩ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «የአባቴ ሱቅ ከዕቅዱ ይውጣ» አልኩት።

«አትጩህ።»

«አልጮህኩም፣ ድምፄ ነው።»

«እሺ። ለምን ይውጣ?»

«አባቴ መናገር ተዉ።»

ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ዕቅዱ እየሠራ ነዋ» አለኝ። አልቀለደም። ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው፣ እዚህ የደረሰውም በዚያ ይመስለኛል።

ሌላው ወሬ ቤት መለወጤ ነው። የቀድሞው ክፍሌ ጭር ያለ ነበር፤ ተኝቼ የራሴን ደም ስሰማ አድር ነበር። አሁን ያለሁት ከጋራዥ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ የተጋጨ መኪና ቀጥቅጠው የሚያቃኑበት። አከራይዋ «ድምፅ አለው፣ ኋላ እንዳትወቅሰኝ» ብትለኝ «ጠዋት ቀደም ብለው ይጀምራሉ?» አልኳት። በጥርጣሬ አየችኝ። የዝምታ ሸለቆን ዕቅድ የጻፍኩ ሰው መሆኔን አልነገርኳትም።

ለምን አትመጣም ትይኝ ይሆናል፦ መጥቼ ምን ልሁን? ከፊታቸው ተቀምጬ ግድግዳውን ሲያዩ ልያቸው?

ወንድምሽ


መጋቢት 20

ወንድም ዓለም፣

አታፍርም ብዬ የጻፍኩትን ሾፌሩ ሳይወስድብኝ ቀድጄዋለሁ፣ ስለዚህ አታፍርም አላልኩህም።

ማረፊያው ውስጥ የእጅ ሥራ ማሳያ ተካሂዷል። ሥራ አስኪያጁ «እጅ ሥራ ጎብኚ ይወዳል» ብሎ አባባ በማረፊያው ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ለእንግዳ ቆርቆሮ ሲሠሩ እንዲያሳዩ አሰበ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ከዚያ መዶሻ አመጣ፤ ጫፉ ጎማ ነው። አባባ ተቀበሉት፣ ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ በጥንቃቄ መሬት አኖሩት፤ የሰው ጥርስ ያገኘ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀመጡ። እንግዶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንዱ በሹክሹክታ «ሥራውን ከማን ተማሩ?» አላቸው። ዝም። አንዷ «ደስታ ምንድን ነው ይላሉ?» አለች። ዝም። እኔ አፈርኩ፣ ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። እንግዶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ምን ልበልህ። አሁን የማረፊያው ትልቁ ነገር አባባ ናቸው። «የዝምታው አባት» ይሏቸዋል። ሰው ከሩቅ እየመጣ ጠዋት ጠዋት እግራቸው ሥር ይቀመጣል። ማታ ደግሞ በአስተያየት መስጫው ላይ «ምንም ሳይሉ ሁሉን ነገሩኝ» ብሎ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ባሏን ልተወው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ለረጅም ጊዜ ፊቷን አዩና «ደግ ነው» አሏት። ያው ሻንጣዋን እኔ ነኝ ያወረድኩላት። ባልየው ገና እዚህ ነው፣ ተከፍሎበታል።

ልስቅ እጀምርና እሳቸውን ሳይ እተወዋለሁ። ከስተዋል። ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር አበጅቼላቸዋለሁ። የጥንቱን መዶሻ ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጠውታል፣ ቀና ሲሉ በእጃቸው ይነኩታል። እንግዶቹ ሲሰበሰቡ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ያያሉ፤ ከእንግዶቹ ማንም ይህን አያይም፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቀመጠው። እኔ አያለሁ። እንዲህ ከቀጠለ እስከ ክረምት መድረሳቸውንም እንጃ።

ልትጠይቃቸው የፈራኸውን ጠየቅኋቸው። «ልጅዎን ይቅር ብለውታል?» አልኳቸው፣ ረጋ ብዬ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ። ወደ ሱቁ አቅጣጫ አዩ። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አትፈልግ።

እህትህ


ሚያዝያ 9

እታለም፣

ቆርጫለሁ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ከራሷ አሳጠረች ትይኝ ይሆናል፤ ገመዱም የኔ፣ በቅሎዋም እኔ ነኝ።

ሱቁን ብቻ ከዕቅዱ ማውጣት አይቻልም፣ ምስክር ወረቀቱ አይፈቅድም። ዕቅዱን ማፍረስ ግን ይቻላል። ዕቅዱ የቆመው ድምፅ የሚያወጣ ሥራ ያላቸው ሁሉ ፈቅደዋል በሚለው ላይ ነው። የወፍጮው ባለቤት ፈርሟል። አባባ ግን አልፈረሙም፤ «ፈቅደዋል» ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። እኔ ቃሌን ካነሣሁ ምስክር ወረቀቱ ይነሣል፤ ምስክር ወረቀቱ ሲነሣ ማረፊያው ይዘጋል፤ እኔም እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም። የወንዙና የዛፉ ክፍል ለብቻው የወጣ ደንብ ስለሆነ ይቆያል፣ አጣርቻለሁ። የታችኛው ሰፈር ልጆች ሆድ ደህና ይሆናል።

ችግሩ አንቺ ነሽ። የምትተዳደሪው በማረፊያው ነው። ቤቱን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ እሺ ካላልሽኝ አላደርገውም። እሺ በይ ብዬም አልለምንሽም።

እንዲሁ አንድ ነገር ልንገርሽ። የጋራዡ ሰዎች ትናንት ሥራ አልገቡም። ሰው ሞቶባቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ፤ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ጫማዬን አሰርኩ፣ ፈታሁ። እኔ አንድ ቀን ያልቻልኩትን አባቴ ከኅዳር ጀምሮ እንዲሸከሙት ፈርጄባቸዋለሁ። ሌላ የሚጻፍ የለኝም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 27

ወንድም ዓለም፣

እሺ።

እንጀራዬን አትቁጠርልኝ፣ ባለ እጅ ነኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ሳይዘጋ መጽሐፍ አበድር ነበር፣ አሁን ዝምታ አበድራለሁ፣ ነገ ቆርቆሮ እሸጣለሁ። መጽሐፍም ዝምታም የወሰደ አልመለሰልኝም፤ ቆርቆሮ ግን ካፈሰሰ ይመለሳል።

የቸኮልኩበት ምክንያት ደግሞ አለ። ባለፈው እሑድ ሾርባ ነበር ምድጃ ላይ፤ አባባ አጠገቡ ተቀምጠዋል፣ ሾርባው ገንፍሎ አለቀ፣ ድስቱ አረረ፣ ቤቱ ጢስ ሆነ፣ እሳቸው አንገታቸውን አላዞሩም። ከጓሮ ሮጬ ስገባ ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ሻማውም፣ ሹክሹክታውም፣ የሴትዮዋ ሻንጣም፣ አንተም። ፊታቸው ቆሜ እንደ ድሮው በሙሉ ጉሮሮዬ «ኧረ አባባ፣ ቤቱን ሊያቃጥሉት ነው ወይ!» አልኳቸው።

ቀና አሉ። ፊታቸው በራ። «ምን አስጮኸሽ፣ እናትሽን መሰልሽ እኮ» አሉኝ። «ሾርባው እንደሆነ ጨው አልነበረውም።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጎረቤት እስኪወጣ አወራን፤ ወይም ተጯጯህን። ስለ ላሚቱ ደግሜ ነገርኳቸው፣ አዘኑ። «መቼ ነው የሞተችው? ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። እርጅና ነው፣ ይረሳሉ ብዬ አለፍኩት።

ለካ የሚፈልጉት ቁጣ ነው። ሁላችንም እንደ ታመመ ሰው ስናባብላቸው ልባቸው ተሰበረ፤ ሰው ነኝ ወይ ብለው የተጠራጠሩ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አንዴ ማታ አንዴ እቆጣቸዋለሁ፣ እንደ መድኃኒት። ሥራ አስኪያጁ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል። «ካንቺ አልጠብቅም ነበር፣ የሻማዋ ልጅ» አለኝ። ግን ቁጣ ቢያናግራቸውም ጠዋት ሲሆን ያው ወደ ሱቁ በር ይሄዳሉ፣ ሣሩን ያያሉ፣ ይቀመጣሉ። መዶሻቸውን ስጣቸው።

በስምህ ልቆጣቸው ወይ? ቢያንስ መልስ ይሰጡ ነበር። አይ፣ ይህስ ያንተ ነው። ራስህ መጥተህ ትጮህባቸዋለህ።

እህትህ


ግንቦት 18

እታለም፣

አልቋል። ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ማንም ያልነካው ብስኩት።

«አባቴ ፈቅደዋል ብለህ መስክረህ ነበር» አሉኝ።

«ተሳስቼ ነው። አልፈቀዱም።»

«ምን ነበር ያሉት?»

«ምንም አላሉም።»

ዋሸሁ። በሕይወቴ ያቺን «ደግ ነው» ያህል የያዝኩት ነገር የለም፤ እሷኑ በአደባባይ ካድኳት። ሲያሰናብቱኝ አለቃዬ በር ድረስ ሸኘኝና «ዛሬ እንኳ ቀስ ብለህ ተናገርክ» አለኝ።

ቦታዬን ከከተማው ዳር ወዳለው የቆሻሻ መለያ ጣቢያ ቀይረውታል። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮና ብርጭቆ ይለያል፤ የሚንኳኳ ነገር ሞልቷል፣ ቅር አላለኝም። ሱቁ በአሥር ቀን ውስጥ ይከፈታል የሚለው ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርሳችኋል ብዬ አምናለሁ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ይህን ደብዳቤ እንዳለ አንብቢላቸው፤ ሱቁን የዘጋሁትም እኔ፣ ያስከፈትኩትም እኔ እንደሆንኩ ይስሙ። በር ላይ ቆሜ ምን እንደሚጠብቀኝ ሳላውቅ አታስገቢኝ። እጃቸውን ይሰጡኝ ይሆን? ባይሰጡኝም ንገሪኝ። አስቀድሜ ልወቀው።

ወንድምሽ


ሰኔ 5

ወንድም ዓለም፣

ይህ ደብዳቤ አንተን መንገድ ላይ ሊያልፍህ ይችላል፤ ሾፌሩ ነገ የመጨረሻውን ጉዞ ነው የሚያደርገው። ማረፊያው ፍራሾቹን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ገዢ ይጠብቃል። ሳጥኑ ተከፍቶ ስልኬን አገኘሁት፣ ሞቶ። እንደምን አለህ።

ሱቁ ተከፍቷል። ሣሩን አውርደው የጥንቱ ቆርቆሮ ወጣ። አባባ የመጀመሪያውን ቀን ምንም አልሠሩም፤ እንዲሁ አንዱን ቆርቆሮ በመዶሻ እየመቱ፣ በሌላው መዳፋቸው ዳሰስ እያደረጉ ዋሉ። በማግሥቱ ሰው በቀዳዳ ባልዲ ተሰለፈ፤ ክረምቱ መግባቱ ነው፣ ጣሪያውም አሸንዳውም ያፈሳል። መንደሩ ጩኸቱ ተመልሶለታል። አንድ አውራ ዶሮ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። አባባ ይበላሉ፣ ይስቃሉ፤ በምስማር የበሳሁት የቀበቶ ቀዳዳ ከአገልግሎት ወጥቷል።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ። ሳልጽፈው ሁለት ቀን ተንጎራደድኩ።

ነርሷ ልትሰናበተን መጣች። አባባ መዶሻውን አስቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው። ልጅቷ ስትገባ የተደረደረውን ባልዲ በክርኗ መታችውና ሙሉው ክምር ወረደ። እኔ ዘለልኩ። ድመቷ ዘለለች። ከማዶ መንገድ ሰው ቆመ። አባባ ሻዩን እፍ እያሉ ጠጡ።

ነርሷን አላሳቃትም። ቦርሳዋን ከፍታ መብራቷን አወጣችና ጆሯቸውን በየተራ አየች፤ ከኋላቸው ሆና አጨበጨበች፣ ስማቸውን ጠራች፣ ጠረጴዛ መታች። በቀኙ ምንም የለም አለችኝ። በግራው፣ ከፊቱ ቆሞ የሚጮህ ሰው ብቻ። የመዶሻ ሥራ እንዲህ ያደርጋል፣ ቶሎ አይመጣም፣ ይህ የብዙ ዓመት ነው፤ ልጆች ሆናችሁም ሊሆን ይችላል አለች።

ፊታቸው ቆሜ በሙሉ ጉሮሮዬ ጠየቅኋቸው። «አዎ፣ ቆይቷል» አሉኝ፣ የጫማ ቁጥራቸውን የጠየቅኋቸው ይመስል። «ለምን አልነገሩንም?» ብላቸው ገረማቸው። «ምኑን ልንገራችሁ? ስታወሩኝ ትጮሁ የለም እንዴ?»

ለእሳቸው ስንል የምንጮህ ነበር የመሰላቸው። እናታችንም፣ አንተም፣ እኔም፤ ቤቱ ሁሉ ተጠንቅቆላቸው የኖረ ነበር የመሰላቸው። ይህን በጋ ግን ምን እንዳስቀየሙኝ ሳያውቁ ድምፄን ነፍጌያቸው እንደ ከረምኩ ነገሩኝ። «ከንፈርሽን እንኳ አትከፍቺውም ነበር» አሉ። ሽልማቴን ከግድግዳው አውርጃለሁ።

ስለዚያች ማታ ጠየቅኋቸው፣ በሩ ላይ ቆመህ ስለ ነገርካቸው። ያስታውሳሉ። ባርኔጣህን ይዘህ ቆመህ ከንፈርህ ይነቃነቅ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። መሽቷልና ደህና ይደሩ እያልክ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ ደብዳቤህን አነበብኩላቸው፣ እንዳለ፣ እንደ ፈለግኸው። ሱቁን የዘጋህ አንተ ነህ የሚለው ዘንድ ስደርስ ጮክ ብዬ ሁለቴ ደገምኩት። መዳፋቸውን አነሡና አስቆሙኝ። ማን ዘጋው፣ አሉኝ። ከዚያ ሽቅብ ጣሪያውን አዩ። በተዘጋ ማግሥት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጥተው ሲወጡ አይተው ነበር፤ በየጠዋቱም በርጩማቸውን ይዘው የሚሄዱት ሥራው ማለቁን ለማየት ነበር። አባባ ሱቃቸው ሲጠገን የከረመ ነው የመሰላቸው።

እህትህ